ከጅማ ወደ ሸቤ፣ ጫካው መሀል ያለው ጨፌ

ጅማ ያደርኩበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም፣ ግን ሌሊቱን ሙሉ ጄኔሬተር ጆሮዬ ስር ሲያጓራ ነው የነጋው፣ ጠዋት ሙቅ ውሃ የለም እንዴ ስላት ልጅቷ "ትናንት ነበር እኮ" ብላኝ እርፍ። ጅሬን ወጥቼ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየሁ፣ ያምራል፣ ከዛ በቀጥታ የሸቤ ሚኒባስ። ረዳቱ ለቦርሳዬ ብቻ 50 ብር ተቀበለኝ፣ ቦርሳው ደግሞ ጭኔ ላይ ነው ያለው!

በለጠ ጫካ ጋ ስወርድ ግን ንዴቱም ጠፋ። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል፣ ዋንዛው ጥላ ስር ቡና፣ ቅርንጫፍ ላይ የተሰቀለ ቀፎ። አንድ አባት መንገድ ላይ አገኘኋቸው፣ ና ላሳይህ ብለው ይዘውኝ ገቡ፣ ትንሽ እንደሄድን ጫካው ድንገት ገለጥ አለና ሜዳ፣ ሳሩ ጉልበት ይደርሳል፣ ከስሩ ውሃ ነው፣ በረገጥኩ ቁጥር ጨቅ ጨቅ ይላል፣ ካልሲዬ ድረስ ገባ። ማን መነጠረው ስላቸው ሳቁብኝ፣ "ምንጣሮ አይደለም፣ ጨፌ ነው፣ ውሃው ዛፍ አያሳድግም" አሉኝ። እኔ እኮ አዲስ አበባ፣ አያት ጨፌ የሚባል ሰፈር ነው የምኖረው አባባ ስላቸው "ስንት ከብት አለህ ታዲያ?" አይሉኝ መሰላችሁ! ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው ብዬ እንዴት ልንገራቸው፣ እኛ ሰፈር ሳር የምናየው ለበዓል ቄጤማ ሲሸጥ ነው።

ቃሉ ኦሮምኛ ነው፣ እርጥብ የሳር መስክ ማለት ነው፣ አማርኛችንም እንዳለ ወስዶታል። በገዳ ሥርዓት ጉባኤው የሚቀመጠው በኦዳ ዛፍ ጥላ እንዲህ ያለ መስክ ላይ ስለነበር ስሙ ከሳሩ ወደ ጉባኤው ዞረ፣ የክልሉ ምክር ቤትም ዛሬ ጨፌ ኦሮሚያ ነው የሚባለው። ዩኔስኮ ገዳን በ2009 ዓ.ም ሲመዘግብ ዜናውን ሰምቻለሁ ግን ጨፌ የሚለው አዳራሽ ብቻ ነበር የሚመስለኝ። ለነገሩ ቦታው ለስብሰባ ይመቻል፣ ገላጣ ነው፣ ማን እንደመጣ ከሩቅ ይታያል፣ ከብቱም እዛው ይግጣል።

ለአባባ ብር ሳወጣ ተቆጡ፣ ማር ግዛኝ ብለው ግን አንድ ኪሎ ሸጡልኝ። ስመለስ ሌላ ሚኒባስ፣ ሌላ ረዳት፣ ለቦርሳ ምንም አልጠየቀኝም፣ ጫማህ ጭቃ ነው ብሎ መጨረሻ ወንበር ላይ ከዶሮዎቹ ጋር ደረደረኝ እንጂ።