ልጆቼና የሁሉም ሰው ገና

የዘንድሮ ገና ረቡዕ ዋለ። ይሄን የማነሳው ትልቋ ልጄ 7 ስለሞላት "ዘንድሮ እኔም ጿሚ ነኝ" ብላ ከህዳር 15 ጀምሮ ወተትና እንቁላል ትታ (ቁርስማ ትበላለች፣ ምሳዋም ስፓጌቲ በሱጎ ነው፣ ማንም አልተራበም) ቀኑን ስትቆጥር ከርማ፣ በዓሉ ሲቃረብ ካላንደር አየችና "እማዬ ረቡዕኮ የጾም ቀን ነው፣ ዶሮውን ሀሙስ ነው እንዴ የምንበላው?" ብላ ስለመጣችብኝ ነው። መልሱን ባውቀውም ከአያቷ ብትሰማው ይሻላል ብዬ ደውዬ ስልኩን ሰጠኋት። አማቴ ደሞ እንዲህ አይነት ጥያቄ ካገኙ በቃ ማን ያስቆማቸዋል፣ ገናና ጥምቀት ረቡዕም ይዋሉ አርብ እንደሚበላ፣ ዋዜማው ግን ገሃድ ስለሆነ ማክሰኞን አጥብቃ መጾም እንዳለባት፣ አንድ በአንድ አስረድተው ሲያበቁ "አንቺ ብቻ ነይልኝ እንጂ እንቁላልሽን በስምሽ አስቀምጥልሻለሁ" አሏት። ይሄ የእንቁላል ቃል ኋላ ጣጣ አመጣ።

ገናን ሁሌ እዛ ነው የምናሳልፈው፣ ሽሮ ሜዳ አማቴ ቤት። ከተጋባን ጀምሮ ስምምነታችን ነው፣ ገና በሱ ቤተሰብ ፋሲካ በኔ። እኛ የምንኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፣ እዛ በዓል ማለት ኮሪደሩን የሞላ የጎረቤት ቁሌት ሽታ ነው፣ ደስ ይላል ግን ልጆች የሚሮጡበት የለም። ሽሮ ሜዳ ግን ግቢ አለ፣ ከኋላ እንጦጦ አለ፣ ብርዱም አለ እንግዲህ፣ የታህሳስ ማታ እዛ ሰፈር ጋቢ ደርበህም አያስችልም። ልብሱም እዛው ነው የሚገዛው። የባሌ ታላቅ እህት እትዬ ከቤታቸው በር ወጥታ ሱቆቹን ትዞርና ለልጆቹ የሀበሻ ልብስ ትገዛለች፣ ሁሌም ሁለት ቁጥር ትልቅ፣ "ያድጉበታል" ነው መልሷ። የ4 ዓመቱ ማሙሽ የአምናውን ሱሪ ዘንድሮም እያጠፈ ነው የለበሰው።

ዘንድሮ ደሞ ከአሜሪካ እንግዳ ነበረን፣ የባሌ ታናሽ ወንድም ከሲልቨር ስፕሪንግ ሁለት ልጆቹን ይዞ መጣ (ሚስቱ ነርስ ናት፣ ፈቃድ አላገኘችም)። ልጆቹ ታህሳስ 16 እዛ የፈረንጁን ገና ከነሳንታው አክብረው፣ ስጦታቸውን ከፍተው፣ ከዛ ነው አውሮፕላን የተሳፈሩት። ማሙሽ ይሄን ሲሰማ አይኑ ፈጠጠ። "እነሱ ሁለት ገና አላቸው እኛ ለምን አንድ?" አለ፣ አይ ጥያቄ፣ ሁላችንም ዝም። አማቴ ናቸው ቀስ ብለው "አንዱን ለኛ ይዘውልን መጡ'ኮ" ያሉት። የባሌ ታላቅ ወንድም ጋሼ ግን እንዲህ ባለ መልስ አይረካም፣ የ13ቱን ቀን ልዩነት ለማስረዳት ወረቀትና እስክሪፕቶ አስመጣ፣ እ.ኤ.አ. በ1582 ካላንደሩን የቀየሩት እነሱ እንጂ እኛ እንዳልሆንን፣ በዘመነ ዮሐንስ ደሞ የኛው ገና ራሱ ታህሳስ 28 እንደሚውል፣ 2016 ላይም እንዲሁ እንደነበረ... ልጆቹ ከሁለተኛው ዓረፍተ ነገር በኋላ ግቢ ወጥተው ነበር። ለኔና ለግድግዳው ነው ያስረዳው።

እኔ የገባኝ ነገር ቢኖር እዛ ቤት ውስጥ ያለ አዋቂ ሁሉ የየራሱን የልጅነት ገና ለነዚህ አራት ልጆች ለማስረከብ እየተሻማ ነበር። ለጋሼ ገና ማለት ጨዋታው ነው፣ ለአማቴ ቤተክርስቲያኑ፣ ለእትዬ ዛፉ፣ ለአሜሪካው ወንድም ደሞ የእናቱ ዶሮ ወጥ። ባሌ ምን እንደሆነ እስካሁን አልታወቀም፣ ሶፋውን አልለቀቀም።

ዛፉ ላይ ጥል ነበር። እትዬ መርካቶ የተገዛ የፕላስቲክ ዛፍ አላት፣ በየዓመቱ ከካርቶን አውጥታ መብራቱን ጠምጥማ ጥጥ እየቦጨቀች ትለጥፍበታለች። ጋሼ "ይሄ የኛ አይደለም" ብሎ ጀመረ። እትዬም አልማረችውም፣ "አንተ ራስህ ልጅ ሆነህ እንጦጦ ወጥተህ የጥድ ቅርንጫፍ ስትቆርጥ ጥበቃ አላባረረህም?" አለችው በልጆቹ ፊት። ከዛ በኋላ ዝም አለ ግን ልጆቹ ስንት ጥበቃ እንዳባረረው ሲጠይቁት አመሹ። ጥጡን ግን የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ ነካ ነካ አድርጋ ምንድነው አለች፣ በረዶ ነው ተባለች፣ ሳቋን ማቆም አልቻለችም። በረዶ አይታ የማታውቀው የኔዋ ልጅ "እውነተኛውም እንደዚህ ደረቅ ነው?" ብላ ስትጠይቃት አጎንብሰው ለረጅም ሰዓት አወሩ፣ ግማሽ እንግሊዝኛ ግማሽ አማርኛ፣ እንዴት እንደተግባቡ አላውቅም።

ማጀቱ የኛ የሴቶቹ ነው። ይሄን በቅሬታ ነው የምለው፣ በዓል በዓል የምንለው ነገር ግማሹ የሴት ወገብ ነው፣ ዋዜማውን ከጠዋት ጀምሮ ቆመን፣ ሽንኩርቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ድፎው፣ ላባው፣ ዶሮውን በሎሚና በጨው ደጋግሞ ማጠቡ። ዘንድሮ ግን አሜሪካዊው ሆዬ እጅጌውን ሰብስቦ ገባና ቢላ አነሳ። አማቴ ደነገጡ። "ውጣ! ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሰራል!" "እማዬ እዛ እኮ ማን ይሰራልኛል፣ ልጆቼን የማበላው እኔ ነኝ" አለ ሽንኩርቱን እየላጠ። አላመኑትም፣ አጠገቡ ቆመው አከታተፉን አዩ፣ ድቅቅ አድርጎ ነው የሚከትፈው ልጁ፣ ከኔ ይሻላል። ትንሽ አይተው "እሺ እንግዲህ ይሄንንም ጨምርበት" ብለው ተጨማሪ ሽንኩርት አቀረቡለት! እኔና እትዬ ሳቃችንን መያዝ አቃተን። ባሌ በዛ ሰዓት በሩ ላይ ብቅ ብሎ አየና ተመልሶ ሄደ። አየሁህ።

ቁሌቱን ግን ለማንም አይሰጡም። ሽንኩርቱ ያለ ዘይት ያለ ቅቤ ደረቁን ድስቱ ውስጥ እየተማሰለ ውሃውን መጥጦ እስኪጨርስ፣ እንዳያር በእፍኝ ውሃ ጠብ እያደረጉ፣ ከዛ በርበሬው፣ በርበሬው ደሞ ብቻውን ስንት ሰዓት፣ ቅቤው ከዛ በኋላ። ገሃድ ስለሆነ ደሞ መቅመስ የለም፣ ጨውን በማሽተት ነው የሚያውቁት። እሳቸው ድስቱ ላይ ጎንበስ ብለው እንፋሎቱን ሲስቡ ማሙሽም አብሮ አፍንጫውን ያስጠጋል፣ ሁለቱም ያስነጥሳሉ፣ "ጨው አነሰው" ይላሉ እማማ፣ "አነሰው" ይላል ማሙሽ። እውነት ለመናገር አንሶት ነበር።

ስለ ዶሮው ዋጋ አላወራም፣ የገዛ ያውቀዋል። ሁለት አውራ ነበሩ፣ ግቢው ውስጥ ታስረው አድረው ልጆቹ ስም አውጥተውላቸው ነበር፣ የዋዜማው ጠዋት ጋሼ ቢላውን ሲስል የነገሩ አዝማሚያ ገባቸው። የሲልቨር ስፕሪንጓ ልጅ አለቀሰች፣ ስጋ በቃኝ አለች። የኔዋ ደሞ ከስንት ቀን ጾም በኋላ ለሀዘን ጊዜ አልነበራትም።

ሌሊት ቁስቋም ሄድን። ማሙሽን ባሌ በጋቢ ጠቅልሎ ተሸከመው (ሶፋውን ለቀቀ ማለት ነው)፣ ትልቋ ጧፍ ካልያዝኩ አለች፣ ሰሙ ነጠላዋ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እኔ እሳቱን ብቻ ነበር የማየው፣ ከቅዳሴው ምን እንደሰማሁ አትጠይቁኝ። የትንሽ ልጅ እናት ቤተክርስቲያን ስትሄድ ያው ጥበቃ ናት። ልጅቷ ግን ህዝቡ ሁሉ ነጭ ለብሶ ሲያጨበጭብ አፏን ከፍታ ቀረች፣ እንቅልፍም አልወሰዳት። ጠዋት ደሞ ቲቪው ላይ ከላሊበላ ቤዛ ኩሉ በቀጥታ ሲተላለፍ፣ ካህናቱ ቤተ ማርያም ዙሪያ ግማሾቹ ላይ ገደሉ አፋፍ ላይ ግማሾቹ ታች ሆነው ሲቀባበሉ፣ "ላይ ያሉት መላእክት ናቸው አይደል እማማ?" አለቻቸው። አዎ፣ የመላእክቱና የእረኞቹ ምሳሌ ነው፣ ነግረዋት አያውቁም ነበር፣ እሳቸውም ገርሟቸው ጭንቅላቷን ስመው ስመው ሊጨርሷት።

ከዛ ገበታ። አስራ ሁለቱ ብልት በወጉ ወጥቷል፣ ፈረሰኛው ለጋሼ፣ ሌላውም እንደየማዕረጉ፣ እንቁላሉ ግን ለሰው ሁሉ አልተዳረሰም። የተቀቀለው በቂ ነበር፣ ሲላጥ ማን እንደበላው የሚታወቅ ነገር የለም (የሱፍ ሹራብ የለበሰ የ4 ዓመት ልጅ አፉ ዙሪያ አስኳል ነበር፣ ከዛ በላይ አልናገርም)። አማቴ ደሞ ለትልቋ በስምሽ ብለዋል፣ ስጋ በቃኝ ያለችው እንግዳ ልጅም እንቁላል ግን ችግር የለበትም አለች፣ ሁለቱ ልጆች አንድ እንቁላል ላይ ተፋጠጡ። አማቴ በክር ለሁለት ከፈሉት፣ ቢላ አልፈለጉም፣ ከነጠላቸው ጫፍ የመዘዙትን ክር በእንቁላሉ ወገብ አዙረው ሳብ፣ ልክ እኩል። ልጆቹ ጥሉን ረስተው "እንደገና!" አሉ። እንደገና የሚከፈል እንቁላል የለም እንጂ!

ታናሹ የሲልቨር ስፕሪንግ ልጅ በርበሬው ስላቃጠለው አማቴ ስጋውን በእንጀራ ጠርገው ጠርገው ነጭ አድርገው አጎረሱት፣ አባቱ "አይለምድባችሁ" ይላል፣ ማን ይሰማዋል። በኋላም ከሻንጣ ስጦታ ወጣ፣ ልጆቹ ወረቀቱን ሊቦጫጭቁ ሲሉ "ቀስ! ቀስ!" ብለው አያታቸው እያንዳንዱን ወረቀት በጥፍራቸው ፕላስተሩን እየላጡ፣ አጥፈው፣ ፍራሽ ስር አስተኙት። መደርደሪያ ሊያለብሱበት ነው። ልጆቹ አሻንጉሊቱን ትተው ፕላስተር መላጥ ያዙ።

ከሰዓት ጋሼ ተራው ደረሰ። ከባህር ዛፍ ጫፋቸው ቆልመም ያሉ ዱላዎች ቀድሞ ጠርቦ አዘጋጅቶ ነበር፣ ሩሯን ግን ለልጆቹ ብሎ ከጨርቅ ነው የሰራት፣ ከታች ያለው ሜዳ ላይ ወረድን፣ የሰፈሩ ልጆችም ገቡበት። ሲልቨር ስፕሪንጎች "ሆኪ ነው'ኮ!" አሉ፣ ጋሼ ሆኪ ሳይፈጠር በፊት ነው ሊል አፉን ሲከፍት ማሙሽ ዱላውን አዙሮ ቅልጥሙን አገኘው። ድው! ጋሼ በአንድ እግሩ ሲዘል፣ አማቴ ከድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ ከበላን ጀምሮ ያልሰማሁትን ድምፅ አውጥተው "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ!" ድሮ ሎሌው ጌታውን ቢመታው የማይቀየምበት ቀን ነበር እያሉ ለልጆቹ ሲተርኩ ልጆቹ ፈቃድ የተሰጣቸው መሰላቸው፣ ከዛ በኋላ የማንም ጎልማሳ እግር ደህና አልነበረም። ባሌ ሁለቴ ተመታ። የመጀመሪያው በአጋጣሚ ነው።

ማታ ላይ ሬሳ ነው የሆንነው። እቃውን አሜሪካዊውና እኔ አጠብን፣ ባሌም እንደምንም መጥቶ ማድረቅ ጀመረ፣ አልተናገርኩም፣ ነገር ሊበላሽ ይችላል ብዬ። በዚህ መሀል እናቴ ከደብረ ብርሃን ደወለች፣ ልጆቹ ስልኩን ተሻምተው ስለ እንቁላሉ፣ ስለ ክሩ፣ ስለ ጋሼ እግር ሁሉንም ነገሯት፣ ሰማች ሰማችና ስልኩ ወደኔ ሲዞር "ፋሲካ ሚያዝያ 4 ነው፣ የኔ ናቸው፣ ዱላ ይዘው እንዳይመጡ ግን" አለችኝ። በግም እንደታየላት ነገረችኝ። ዶሮ ይቅር ብያት ነበር፣ በግ ከሆነ ደሞ ልጆቹ ስም ማውጣታቸው አይቀርም፣ ይሄን ከአሁኑ ልናስብበት ይገባል አልኳት፣ እሷም "የምን ስም፣ ቀድሜ አሳርደዋለሁ" ብላ ዘጋችው።