ሰደድ እሳት፣ ምህላና የጎረቤት ደጅ

በ2017 ዓ.ም. የገና በዓል በዋለበት በታኅሣሥ 29 ቀን፣ እዚህ ደብረ ብርሃን ጾሙ ተፈትቶ ዘመድ ከዘመድ ተጠራርቶ ሲያመሽ፣ በሎስ አንጀለስ ገና ረፋዱ ላይ ፓሲፊክ ፓሊሴድስ በተባለው ኮረብታማ ሰፈር ሰደድ እሳት ተነሣ። በእኛ ሰዓት ሊነጋ ሲል ደግሞ ከከተማዋ በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከአልታዲና በላይ ካለው የተራራ ግርጌ፣ ኢተን የተባለው ሁለተኛው እሳት ተቀጣጠለ። ከዚያ በፊት በነበሩት ወራት በአካባቢው ይህ ነው የሚባል ዝናብ አልጣለም ነበር፤ ከበረሃው ወደ ባሕሩ የሚወርደውና ሳንታ አና የሚሉት ደረቅ ነፋስ ፍሙን እያነሣ ከቤት ወደ ቤት ሲወረውረው፣ ውኃ የሚረጩት አውሮፕላኖች እንኳ በዚያ ሌሊት መብረር ተስኗቸው ነበር። ሁለቱ እሳቶች ሙሉ በሙሉ በቁጥጥር ሥር የዋሉት ጥር 23 ቀን ነው። እስከዚያ ድረስ ከ16 ሺህ በላይ ቤትና ሕንፃ ወድሟል፣ ቢያንስ 30 ሰው ሞቷል፣ ከ150 ሺህ የማያንስ ሰውም ቤቱን ጥሎ እንዲወጣ ታዝዟል።

የአክስቴ ልጅ ከነልጇ የምትኖረው በዚያው በአልታዲና በምዕራቡ በኩል ነበር። ይህን ጽሑፍ የምጽፈው የእሷን መትረፍ ለመተረክ ብቻ አይደለም። እሷ በዚያ ሌሊት የወጣችበት መንገድና እናቷ እዚህ ሆና የጸለየችበት መንገድ፣ ጸሎትና እርዳታ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው ብለው ለሚከራከሩ ሰዎች የምለው ነገር ስላለኝ ነው። እኔ እስካየሁት ድረስ ሰው ለጸሎት የሚሰበሰብበት ቦታ፣ ማን በየትኛው ቤት እንዳለና ማን ራሱን ችሎ መሄድ እንደማይችል የሚታወቅበት ቦታም ነው፤ እሳት ሲመጣ ደግሞ ከዚህ እውቀት የሚበልጥ መሣሪያ የለም።

በመጀመሪያ የአልታዲናን ነገር ልናገር። የኢተን እሳት የተነሣው እዚያ ከምሽቱ 12 ሰዓት (በእነሱ አቆጣጠር 6 ሰዓት) ካለፈ በኋላ ነው። ከሌክ ጎዳና በስተምሥራቅ ያሉት ነዋሪዎች ለቀው እንዲወጡ ወዲያው በዚያው ምሽት ታዘዙ፤ በስተምዕራብ ላሉት ግን ትእዛዙ የደረሳቸው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ካለፈ በኋላ፣ ቤቶች መቃጠል ከጀመሩ ከብዙ ጊዜ በኋላ ነበር። በኢተን እሳት ሕይወታቸውን ካጡት ሰዎች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሞቱት በዚሁ በምዕራቡ ክፍል ነው። አብዛኞቹ በዕድሜ የገፉ ነበሩ፤ መራመድ የማይችሉም ነበሩባቸው። ይህ ሰፈር ጥቁር አሜሪካውያን ሌላ ቦታ ቤት መግዛት በማይፈቀድላቸው ዘመን ቤት ገዝተው፣ ልጅና የልጅ ልጅ ያሳደጉበት ሰፈር ስለሆነ፣ ሐዘኑ ከቤት መቃጠል በላይ ነው።

የአክስቴን ልጅ የቀሰቀሳት የስልክ ማስጠንቀቂያ አልነበረም። ከመንገዱ ማዶ የሚኖሩ ጡረተኛ ሽማግሌ በሌሊት ልብሳቸው ላይ ካፖርት ደርበው፣ በሩን በመዳፋቸው ሳይሆን በባትሪያቸው ጀርባ እየደበደቡ ነው ያስነሷት። ልጇን፣ የልጇን የአስም መድኃኒትና ፓስፖርታቸውን ይዛ መኪና ውስጥ ከገባች በኋላ ሽማግሌው ወደሚቀጥለው ቤት ሲያልፉ አይታ ተከተለቻቸው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄዱ አንዲት አሮጊት በዚያ ቤት እንዳሉ እሷም ታውቅ ነበርና። ሁለቱ ተጋግዘው አሮጊቷን ከኋላ ወንበር አስገቧቸው። በጭሱ ምክንያት የመኪናው መብራት ከጥቂት እርምጃ በላይ አያሳይም ነበር፤ ፍሙ በመስታወቱ ላይ እንደ በረዶ ይወርድ ነበር ብላኛለች። ሽማግሌው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንደሆኑና አቅመ ደካሞችን በየሳምንቱ ይጎበኙ እንደነበር የሰማችው ኋላ፣ ተፈናቃዮች በተጠለሉበት በፓሳዴና የስብሰባ ማዕከል ውስጥ ነው። በየሳምንቱ የሚያንኳኩትን በር ነበር በዚያ ሌሊትም ያንኳኩት።

እዚህ ደግሞ እትዬ፣ ማለትም አክስቴ፣ በታኅሣሥ 30 ቀን ሙሉ የልጇ ስልክ አልነሣ ብሏት ዋለች። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ደጅ ቆማ፣ አልቅሳ፣ ቤቷ ገብታ እንደገና ደወለች። በማግስቱ ጥር 1 የልደታ ጽዋ ነበር። እናቶቹ ዳቦው ተቆርሶ ጠላው ሳይቀዳ፣ ቄሱ ባሉበት እግዚኦታ ያዙ፤ የሁሉም እጅ ወደ ላይ ተዘርግቶ ቤቱ በአንድ ድምፅ ሲሞላ እኔም በር ላይ ቆሜ ነበር። ጸሎቱ እንዳበቃ ከእናቶቹ አንዷ «ለመሆኑ ከማን ጋር ናት? አጠገቧ ማን አለ?» አለች። እትዬ መልስ አልነበራትም። ያን ጊዜ ሌላዋ የማኅበሩ አባል «የወንድሜ ልጅ እዚያው ኢንግልዉድ ነው፤ ቁጥሩን ልፈልግላችሁ» ብላ መነጽሯን አድርጋ ከነጠላዋ ጫፍ ቋጠሮ ውስጥ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት ፈታች። እሱ ተደወለለት፣ እሱ ሌሎችን ጠየቀ፣ ከመጠለያው አገኟት፤ ሳይመሽ እናትና ልጅ በእሱ ቤት አንድ ክፍል ተሰጣቸው። ከዚያ በኋላ ለብዙ ሳምንታት ቀለብም የልጅ ልብስም ያቀበሏት እዚያው ያሉ ወገኖቻችን ናቸው።

እግዚአብሔር ጸሎቱን የሰማው በዚህ መንገድ ነው ብዬ አምናለሁ። የማያምን ሰው እንኳ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር ግን አለ፤ እነዚያ እናቶች በዚያ ቀን ባይሰበሰቡ ኖሮ ያ ጥያቄ አይነሣም፣ ያም ወረቀት አይፈታም ነበር።

በአካባቢያችን እሳት እንግዳ አይደለም። ከጥር እስከ ሚያዝያ ባለው በጋ፣ በአንኮበርና በጣርማበር በኩል ያለው ገደል ሲደርቅ፣ ማር ቆራጭ የተወው ጭስ ወይም ለእርሻ ተብሎ የተለኮሰ ምንጣሮ ከእጅ ያመልጣል። አስታ የሚባለው የደጋ ቁጥቋጦ እርጥብ ሆኖም ይነዳል፤ ጥድ ከነዘይቱ ሲይዘው ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። በልጅነቴ በአንኮበር በኩል ከመንደራችን በላይ ባለው አስታ ላይ እሳት በተነሣ ጊዜ ያየሁት ከአእምሮዬ አልጠፋም። መጀመሪያ እሪታ ተሰማ፣ ቀጥሎ የዕድሩ ጡሩንባ ተነፋ። ወንዶቹ ገጀራና መጥረቢያ ይዘው ወጡ፤ ቅጠል ያለው ቅርንጫፍ እየቆረጡ እሳቱን ከዳር ይቀጠቅጡት፣ ከፊት ለፊቱም ሣሩን እየላጩ አፈር ያለብሱት ነበር። ሴቶች በጀሪካን ውኃ፣ በአገልግል በሶ አቀበሉ። ከቆላው ከአልዩ አምባ በኩል ሙስሊም ወንድሞቻችን ዱዓ አድርገው፣ ዳገቱን ወጥተው ከእኛ ጋር ቅጠል ያዙ።

የደብሩ ቄስ መስቀላቸውን ይዘው በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ምህላ ሲያደርሱ፣ በእግዚኦታው መካከል ቆም ብለው ጎረምሶቹን ስም እየጠሩ ያዝዙ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ «እናንተ ከገደሉ ሥር ወዳለው ቤት፣ አሮጊቷ አልጋ ላይ ናቸው፤ ቃሬዛ ይዛችሁ ሂዱ። እናንተ ደግሞ ወደ አራሷ ቤት።» ቄሱ ይህን የሚያውቁት የነፍስ አባት በመሆናቸው ነው። ጠበል ሊረጩ በየቤቱ ይገባሉ፣ የታመመ ሲኖር ይጠራሉ፣ ማን እንደወለደና ማን ዐይኑን እንዳጣ ያውቃሉ። መንግሥት በዚያ መንደር የቤት ቁጥር እንኳ አልሰጠም ነበር። እሳቱ ሁለት የሣር ቤት በላ እንጂ ሰው አልነካም።

በ1992 ዓ.ም. በባሌና በቦረና የተነሣው እሳት ከ100 ሺህ ሄክታር በላይ ደን ሲያጠፋ ከገበሬው ጋር ቅጠል የያዙት ከከተማ የሄዱ ተማሪዎች ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. የሰሜን ተራሮች ፓርክ ሲነድ ከኬንያ ሄሊኮፕተር፣ ከእስራኤል የእሳት አደጋ ባለሙያዎች እስኪደርሱ ድረስ ገደሉ ላይ የዋለውና ያደረው የአካባቢው ሕዝብ ነው። የባለሙያው እርዳታ ቀን ይወስዳል፤ ጎረቤት ያለው እዚያው ነው።

በዚያ የጥር ወር በጣም ያሳዘነኝ ነገር ግን ሌላ ነበር። በእኛው ቋንቋ፣ በእኛው ሰዎች፣ «ይህ በሎስ አንጀለስ ላይ የወረደ ቁጣ ነው» የሚል ጽሑፍ በየስልኩ ይዞር ነበር። እትዬም ደርሷት አነበበችው። ልጇ የት እንዳለች በማታውቅበት ሰዓት ነበር ያነበበችው። በምህላ ላይ ቆሞ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ሊል አይገባውም፤ ምህላ የራስን ኃጢአት ይዞ «ማረን» ማለት እንጂ የሌላውን ኃጢአት መቁጠር አይደለምና። ክርስቶስም በሰሊሆም ግንብ ተንዶባቸው ስለሞቱት 18 ሰዎች ሲናገር፣ ከሌሎቹ ይልቅ በደለኞች ነበሩ የሚለውን አሳብ አልተቀበለም። በአልታዲና የተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናት ብቻ አይደሉም፤ አት-ተቅዋ የተባለው መስጊድና በፓሳዴና ያለው የአይሁድ ምኩራብም አመድ ሆነዋል፤ ከዚያም በኋላ የእነዚህ ሁሉ ምእመናን በሰው አዳራሽ ተጠግተው ጸሎታቸውን ቀጥለዋል። በዚያ አመድ ላይ ቆሞ ማን ተቀጣ፣ ማን ተማረ ብሎ መፍረድ ለእኔ ከድፍረት ሁሉ የከፋ ነው።

ስለሚሰጠው እርዳታ ደግሞ ጥቂት ልበል፤ ደብረ ብርሃን ተፈናቃይ መቀበልን በመከራ የተማረች ከተማ ናትና። በ2013 ዓ.ም. አጣዬ በተቃጠለች ጊዜ በእግርም በመኪናም የመጣውን ወገናችንን ስንቀበል፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት የተከመረው አሮጌ ልብስ ነበር፤ የጠፋው ግን የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት፣ የሴቶች የንጽሕና መጠበቂያ፣ የሕፃናት ወተትና በዚህ በ2800 ሜትር ከፍታ ብርድ ላይ የሚያሳድር ብርድ ልብስ ነበር። ከመንዝ የመጡ አንድ አባት ትከሻቸው ላይ የነበረውን ባና አውልቀው ሦስት ሕፃናት ሲያለብሱበት አይቻለሁ፤ ያ ባና በዚያ ምሽት ከአንድ ጭነት ሸሚዝ ይልቅ ሠርቷል። በሎስ አንጀለስም የሆነው ተመሳሳይ ነው፤ የልብሱ ብዛት ከአቅም በላይ ሆኖ የእርዳታ ማዕከሎቹ «ልብስ ይብቃን» እስከማለት ደርሰው ነበር። የአክስቴ ልጅ ምን ጎደለሽ ስትባል ያለችው የስልክ ቻርጀር፣ የልጇ የአስም መድኃኒት፣ ከኢንሹራንስና ከመንግሥት የሚመጣውን ቅጽ አብሯት ተቀምጦ የሚሞላ ሰው ነው። የመጨረሻው ለወራት ያስፈልጋት ነበር። የጎብኚው ቁጥር ግን ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ እየቀነሰ መጥቷል፤ ስለዚህ ልትረዱ የምታስቡ ሰዎች በመጀመሪያው ቀን ካልደረስን ብላችሁ አትጨነቁ፣ በሁለተኛው ወር ሂዱ። ለጸሎቱም እንደዚያው ነው። የእትዬ ማኅበር እስከ ፋሲካ ድረስ በየልደታው የአልታዲናን አሮጊት ጭምር በስም እየጠራ ሲጸልይ ነበር፤ አሮጊቷ ይህን በስልክ ሲነገራቸው የእያንዳንዷን እናት ስም ጽፈው እንዲልኩላቸው ጠይቀዋል፤ ተልኮላቸዋል።

ይህ ሁሉ በሰፈራችን ዕድር ውስጥ አንድ ሥራ አስጀምሮናል። በየመንገዱ ራሳቸውን ችለው መውጣት የማይችሉ ሰዎች ስም፣ የቤታቸው ምልክት፣ የሚወስዱት መድኃኒትና አደጋ ሲመጣ ሄደው የሚያወጧቸው ሁለት ሁለት ሰዎች ስም በደብተር ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ በዕድሩ ጸሐፊ፣ አንዱ በጡሩንባ ነፊው እጅ ተቀምጧል። መዝገቡ የተጀመረው የነፍስ አባቶችንና የመስጊዱን ኢማም በመጠየቅ ነው፤ ከእኛ ይልቅ እነሱ የሚያውቁት ቤት ብዙ ነበር።

ገና ያልገቡ ግን አሉ። ተከራዮች የዕድር አባል ስላልሆኑ ስማቸው የለም፤ በመጠለያ ካምፖቹ ያሉት ተፈናቃዮችም እንዲሁ። ፕላስቲክና እንጨት በተጠጋጋበት በዚያ ቦታ እሳት ቢነሣ የሚጎዱት ከሁላችን በፊት እነሱ ናቸው። ዘንድሮ በጋው ሳይገባ፣ ከኅዳር በፊት፣ በየዕድሩ ያላችሁ ጸሐፊዎች የተከራዮቹን ቤት እንድታንኳኩ፣ ካምፖቹን በየክፍላቸው ተከፋፍለን እንድንመዘግብ እለምናችኋለሁ። በእኛ በኩል በሚቀጥለው የዕድር ስብሰባ ጉዳዩ ይነሣል፤ ለካምፑ ምዝገባ የሚወጡ ስድስት ወጣቶችም ፈቃደኛ ሆነው ስማቸውን ሰጥተዋል።