ልጆቿን የጠመደች እናት

ዛሬ ኮፐንሃገን ውስጥ ስዞር እግር ጥሎኝ ጌፊዮን የሚባለው ሰው ሠራሽ ፏፏቴ ጋ ደረስኩ። አራት ግዙፍ የነሐስ በሬዎች፣ ከኋላቸው ጅራፍ ያነሳች ሴት... በቃ ቆሜ ቀረሁ። የቀራፂው አንደርስ ቡንድጎር ሥራ ነው፤ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1908 ሲሆን ስጦታውም የካርልስበርግ ነው (አዎ፣ የቢራው!)።

ታሪኩ ግን ጉድ ነው። የስዊድኑ ንጉሥ ጊልፊ ጌፊዮን የምትባለዋን እንስት አምላክ «በአንድ ቀንና ሌሊት ያረስሽው መሬት ያንቺ ነው» ይላታል። ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? አራት ወንዶች ልጆቿን በሬ አድርጋ ጠመደቻቸው! አርሳ ገንጥላ ወደ ባሕር የጎተተችው መሬት ዛሬ ኮፐንሃገን ያለችበት የሼላንድ ደሴት ሆነ፣ ጉድጓዱ ደግሞ እዚያው ስዊድን ሐይቅ ሆኖ ቀረ ይላሉ።

ሰው ሁሉ እሷን ፎቶ ያነሳል። እኔ በሬዎቹ ናቸው ያሳዘኑኝ፣ አንገታቸውን ሰብረው ሲጎትቱ «ኧረ እማዬ፣ ቀስ!» የሚሉ ነው የሚመስሉት።