ከኢንተርንሺፕ ወደ ፋይናል ፕሮጀክት፦ የቦርከና ቡድናችን የደረሰበት

ፕሮጀክታችን ቦርከና ላይ ነው። ወንዙ ከደሴ ወርዶ በኮምቦልቻ አልፎ ወደ ከሚሴ ይሄዳል፤ መጨረሻው አዋሽ ነው። በየመንገዱ ከብት ይጠጣዋል፣ አትክልት ይለማበታል። ቡድናችን ከውሃ ምህንድስና፣ ከሕብረተሰብ ጤናና ከሶሾሎጂ የተውጣጣ ነው። ኢንተርንሺፕ ስንመርጥ ለፋይናል ፕሮጀክት የሚሆን ጥያቄ የምናገኝበትን ቦታ ነው የፈለግነው። በጣም ጠቅሞናል።

ዲፓርትመንት ሲቀላቀል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ ምዕራፍ መከፋፈል ነው። ምዕራፍ 3 የኢንጂነሮቹ፣ ምዕራፍ 4 የሶሾሎጂዎቹ። እኔ አልስማማም። እንዲያ ሲሠራ ሁለት ፕሮጀክት በአንድ ጥራዝ ታስሮ ይወጣል። በጤናው በኩል አብሮ መውጣት የቆየ ነው፤ የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1954 ሲከፈት ጀምሮ የተለያየ ሙያ ተማሪዎችን በቡድን ያሠለጥን ነበር።

የናሙና ቦታ የመረጠልን ቃለ መጠይቁ ነው። የሶሾሎጂዋ ልጅ ቡና ላይ ተቀምጣ «ውሃው ተበክሏል ወይ?» አላለችም። እንዲያ ቢባሉ «አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ነው» ብለው ያልፉታል። «ከብቶቹን የት ታጠጣላችሁ?» አለች። በረካው ሳይደርስ ሁሉም ወጣ፦ በበጋ ከየትኛው መሻገሪያ በታች እንደማያጠጡ፣ ከብቱ አሽትቶ የሚመለሰው የት እንደሆነ። ናሙናውን እዚያ ወሰድን። ካርታ ብቻ ይዘን ብንወጣ አናገኘውም ነበር።

ውሃው ውስጥ የሟሟ ኦክስጅን ላብራቶሪ እስክትደርሱ አይጠብቅም፤ እዚያው ወንዙ ዳር ነው የሚያዘው። ጠርሙሱን አየር ሳታስገቡ ጢም አድርጉ። ማንጋኒዝ ሰልፌቱን፣ ቀጥሎ አልካሊ አዮዳይዱን ጨምሩ። ከድናችሁ ገልብጡት። ዝቃጩ ቡናማ ከሆነ ኦክስጅን አለ፤ ነጭ ከሆነ የለም። የኛው ወደ ነጭ ሲያደላ አጠገባችን የቆሙ አንድ አባት «ላሚቱ ቀድማችኋለቻ!» አሉን።

የቢኦዲ (ረቂቅ ተሕዋስያን ቆሻሻውን ሲያብላሉ የሚወስዱት ኦክስጅን) ምርመራው በ20 ዲግሪ ጨለማ ውስጥ 5 ቀን ይቆያል። ላብራቶሪው ቅዳሜና እሁድ ዝግ ከሆነ ሰኞና ማክሰኞ ናሙና አትውሰዱ፤ ንባቡ ዝግ ቀን ላይ ይወድቃል።

ሁለቱን አድቫይዘሮች ፕሮፖዛሉ ሳይፈረም አንድ ላይ አስቀምጧቸው። አንዱ ቁጥር ሌላው ቃለ መጠይቅ ሲጠይቅ መሐል የምትጎዱት እናንተ ናችሁ።

አሁን መረጃውን እያጠናቀርን ነው። ለዲፌንሱ ከየዲፓርትመንቱ ፈታኝ እንዲቀመጥ ጠይቀናል። እንዲህ ባለ ዲፌንስ ያለፋችሁ ካላችሁ፣ ማርኩ እንዴት እንደተሰጠ ንገሩን።