ያልተነበበው መጽሐፍ ጊዮርጊስ ጓሮ

ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ፣ ላምበረት መናኸሪያ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስለ መንገዱ የምለው የለኝም፤ ተኝቼ ነው የመጣሁት። ቦርሳዬ ውስጥ አንድ ቅያሪ ልብስና ፍላሽ ነበረኝ። ፍላሹ ላይ እስከ ዛሬ ማንም ያላነበበው መጽሐፍ አለ።

የቮይኒች ብራና ይባላል። ሦስት ዓመት ሙሉ በስልኬ ሳገላብጠው ኖሬያለሁ። መጽሐፉ ያለው አሜሪካ፣ ዬል ዩኒቨርሲቲ፣ ባይኔኪ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው፤ መለያ ቁጥሩ 408። ገጾቹን ሁሉ ፎቶ አንስተው ለማንም ሰው በነፃ ለቀውታል። ከ200 ገጽ በላይ ነው። ማንም በእርግጠኝነት ያልለያቸው ዕፅዋት፣ ከዋክብት፣ አረንጓዴ ውኃ ውስጥ የሚታጠቡ ሴቶች ተሥለውበታል። ጽሑፉ ከግራ ወደ ቀኝ ይሄዳል። ፊደሉ ግን ሌላ መጽሐፍ ላይ ታይቶ አይታወቅም።

ምሁራን ብዙ ብለውበታል። እኔ የፈለግሁት ግን በእጁ ብራና ፍቆ፣ በእጁ የሚጽፍ ሰው እንዲያየው ነበር። ጊዮርጊስ አካባቢ አንድ የኔታ እንዳሉ አክስቴ ነግራኛለች።

ያደርኩት ፒያሳ አንድ ፔንሲዮን ነው፤ 900 ብር። ከታች ያለው ቤት ሙዚቃውን እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አላቆመም። አልጋው ይንቀጠቀጥ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ብርድ ልብሱ ደግሞ ስስ። እኛ ጋ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ ውሻም አይጮህ፤ ብርድ ልብስ ደግሞ የአገራችን ሥራ ነው፣ ማንም እንግዳ በብርድ አያድርም። ዓይኔን ሳልከድን ነጋ።

ጠዋት አራት ኪሎ ወርጄ ገጾቹን በከለር ፕሪንት ላስደርግ አንድ ቤት ገባሁ። ልጁ «አንዱ 30 ብር» አለኝ። 12 ገጽ አወጣልኝ። ከዚያ «ቀለም የበዛበት ስለሆነ 60 ነው» አለ። 720 ብር ከፈልኩ። ከገንዘቡ ይልቅ ቃሉን ማጠፉ አናደደኝ። ዋጋው 60 ነው ብሎ ቢጀምር እኮ እከፍለው ነበር።

በዚህ ንዴት ጊዮርጊስ ስደርስ በር ላይ ጧፍና ሻማ የሚሸጡ እናት አገኘሁ። የኔታን ጠየቅኋቸው። በጣታቸው ይጠቁሙኛል ስል ተነሡ። ዕቃውን ለልጃቸው ትተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ በጓሮው ቅያስ ደጃፋቸው ድረስ ወሰዱኝ። «እግዜር ይስጥልኝ እናቴ» ብዬ ትንሽ ብር ባወጣ እጄን መለሱት። «ለየኔታ እንግዳ? ተው ልጄ!»

የኔታ ደጃፉ ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። የተወጠረ የፍየል ቆዳ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ወረቀቶቹን ተቀበሉኝና መጀመሪያ አሸተቱት።

«ቆዳው የታለ?»

«ይሄ ፎቶው ነው የኔታ። ዋናው የጥጃ ቆዳ ነው አሉ።»

ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ አንዱን ገጽ ወደ ዓይናቸው አስጠጉ። ጣታቸውን አንድ ሞላላ ቀዳዳ ላይ አሳረፉ። «ይቺን አየሃት? ሲፋቅ ነው የተቀደደችው። ጸሐፊው ዘሏት ነው የሄደው።» ገብተው ራሳቸው የጀመሩትን ብራና አመጡ። እሱም ላይ እንደዚያው ቀዳዳ አለ፤ የግዕዙ ቃል እዚህ ይቆምና ከቀዳዳው ማዶ ይቀጥላል። ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጌ ሳይ ሰውነቴን ነዘረኝ።

ከዚያ መስመር ፈለጉ። የኔታ ዳርና ዳሩን በወስፌ ወግተው፣ አስምረው ነው የሚጽፉት። እዚያ ላይ ግን የተሰመረ ነገር የለም። «ያለ መስመር እንዲህ ከሄደ እጁ ለምዷል። ስርዝ ድልዝም አላየሁበት። የሚጽፈውን የሚያውቅ ሰው ነው።»

«ያነበበው ግን የለም የኔታ።»

«እንዴት የለም? ጸሐፊው አንብቦታል!»

የማውቀውን ሁሉ ነገርኳቸው። ዊልፍሪድ ቮይኒች የሚባል መጽሐፍ ነጋዴ እ.ኤ.አ. በ1912 ሮም አጠገብ ከኢየሱሳውያን ካህናት እንደገዛው። ድሮ የፕራግ ሐኪም የነበረው ማርቺ ሮም ለነበረው ኢየሱሳዊ ሊቅ ለኪርከር በጻፈው ደብዳቤ፣ ንጉሥ ሩዶልፍ 600 የወርቅ ዱካት ከፍለውበታል መባሉን መስማቱን እንዳነሣ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጃፓንን ምስጢር ጽሕፈት የሰበረውን ቡድን የመራው ፍሪድማን ዓመታት ለፍቶበት እንዳልሆነለት። የአሪዞና ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2009 ቆዳውን መርምሮ ከ1404 እስከ 1438 ባለው ጊዜ ውስጥ እንደተዘጋጀ ማግኘቱን።

1438 ስል የኔታ ቀና አሉ፤ የፈረንጆቹ መሆኑን ነገርኳቸው። «በዘርዓ ያዕቆብ ጊዜ ነዋ!» ልክ ናቸው። ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1434 ነው የነገሠው፤ የእኔን ከተማ የቆረቆረም እሱ ነው። በእሱ ዘመን የተጻፈውን ግዕዝ የኔታ ዛሬም ቁጭ ብለው ያነቡታል። ከየኔታ በፊት ሌላ የኔታ፣ ከእሳቸው በፊት ሌላ፣ ቆሎ ተማሪው ሁሉ ሳይቋረጥ ተቀባብሎት ስለመጣ ነው። የቮይኒቹን የተቀበለ የለም።

አንድ ነገር ጨመርኩላቸው። ሊሳ ፌጋን ዴቪስ የምትባል የጥንት ጽሕፈት አዋቂ፣ መጽሐፉን የጻፉት አምስት የተለያዩ እጆች ናቸው ብላለች።

የኔታ ወረቀቱን ጉልበታቸው ላይ አኖሩት። «አምስት ከሆኑማ ያስተማራቸው አለ። ፊደል ቆጥረዋል፣ ተቀጥተዋል፣ አንዱ የአንዱን አርሟል። ጉባኤ ነበራቸው ማለት ነው።» ትንሽ ቆይተው «ምን አጠፋቸው ይሆን?» አሉ። ስለሚያውቋቸው ሰዎች የሚጠይቁ ነበር የሚመስሉት። እስከዚያ ቀን ያ መጽሐፍ ለእኔ እንቆቅልሽ ነበር። የኔታ ግን አዘኑለት፤ እኔም አብሬ አዘንኩ።

ከሰዓት ስድስት ኪሎ ሄጄ ገነተ ልዑል ያለውን የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አየሁ። ጥሩ ነው፤ ሐሳቤ ግን ጊዮርጊስ ጓሮ ቀርቶ ነበር።

ከዚያ በፊት፣ ከጊዮርጊስ ልሰናበት ስል፣ የኔታ አንዱን ገጽ ለይተው ነበር፤ ሰማያዊ አበባና ወፍራም ሥር ያለበትን። «ዕፀ ደብዳቤ፣ የመድኃኒት ዕፅዋቱን መጽሐፍ፣ የሚያውቁ ወዳጅ አሉኝ። ቃሉ ባይነበብ ቅጠሉን ያውቁት እንደሁ ላሳያቸው። ለጥምቀት ስትመጣ ትወስዳለህ።»

ዳዊታቸውን ከማኅደሩ አውጥተው ወረቀቱን መሐሉ አስገቡት። ላምበረት መኪና ስሳፈር ቦርሳዬ ውስጥ 11 ገጽ ነበር።