በአባይ አፋፍ አምስት ሌሊት

በጥቅምት ወር 2012 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥተን ወደ ደጀን የተጓዝነው ሦስት ሰዎች ነበርን፤ ሾፌራችን፣ ትምህርቷን በቅርቡ የጨረሰች አንዲት ወጣት ረዳትና እኔ። ከጎሐ ጽዮን ቁልቁል ወርደን፣ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን አዲሱን የአባይ ድልድይ ተሻግረን፣ የጎጃምን ዳገት ስንያያዘው የመኪናው ሞተር ያጓራ ነበር። በረሃው ውስጥ ላብ ያጠመቀን ሰዎች ደጀን ስንደርስ ጋቢ ፈለግን። ሥራችን ግን ከተማው ውስጥ አልነበረም። ከዋናው መንገድ ተገንጥለን፣ ጤፍ እሸት የያዘበትን ማሳ በግራና በቀኝ እያለፍን፣ ሜዳው በድንገት ተቆርጦ ገደል ወደሚሆንበት አፋፍ ሄድን። በዚያ አፋፍ ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫ ሊተከል ታስቦ ነበር፤ የእኛም ድርሻ ቦታው ለሌሊት ወፎች ምን ያህል አስጊ እንደሚሆን መመርመር ነበር።

የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 እንዲህ ያለ ፕሮጀክት ከመጀመሩ በፊት ጉዳቱ እንዲጠና ያዛል። ከእኛ በፊት የተዘጋጀ አንድ ሰነድ በእጄ ነበር፤ ስለ ጉዳዩ የሚለው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ሲሆን፣ እርሱም «በመስክ ጉብኝቱ ወቅት የሌሊት ወፍ አልታየም» የሚል ነው። ጉብኝቱ የተደረገው በቀን ነበር። ስሟ ራሱ ሌሊት እያለ የሚጮኽላትን ፍጥረት እኩለ ቀን ላይ ፈልጎ ያጣ ሰው ሐሰት ጻፈ ባይባልም፣ የጻፈው ለማንም አይረባም።

የነፋስ ኃይልን የምቃወም ሰው አይደለሁም። በአሸጎዳም በአዳማም ተርባይኖቹ ሲዞሩ አይቼ ደስ ብሎኛል፤ በበጋ የግድቦች ውኃ ሲጎድል የነፋሱ መበርታት ለአገራችን ትልቅ ጸጋ ነው። ነገር ግን የተርባይን ክንፍ ከሩቅ ሲያዩት ዝግ ብሎ የሚዞር ይመስላል እንጂ ጫፉ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይወነጨፋል። የሌሊት ወፍ በአንድ ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ስለሆነ፣ በየዓመቱ ጥቂት ጥቂት እየሞተ የሚሄድ መንጋ መልሶ ለመተካት ረጅም ዘመን ይፈጅበታል።

ያረፍነው ዋሸራ ቅኔ የተማሩ አንድ አረጋዊ መሪጌታ ግቢ ውስጥ ነው። የቀበሌው ሚሊሻ የመጣንበትን ጉዳይ ሲያስረዳቸው ሳቃቸውን መግታት አቃታቸው፤ ቀጥለውም ሁላችንም በልጅነት የሰማነውን ተረት ራሳቸው እንዳወጡት አድርገው አጫወቱን። የወፎች ሹም ግብር ክፈይ ቢላት ጥርሷን አሳይታ «እኔ አይጥ ነኝ» አለች፤ የአይጦች ሹም ሲመጣባት ደግሞ ክንፏን ዘርግታ «እኔ ወፍ ነኝ» ብላ አመለጠች። «ታዲያ እናንተ በየትኛው በኩል ልታስገብሯት መጣችሁ?» ሲሉ ረዳቴ መልስ አጣች። እኔ ግን ያን ሰነድ አስታወስኩ። ስለ ወፎች የሚያጠናው ባለሙያ አጥቢ ናት ብሎ ይተዋታል፣ ስለ አጥቢዎች የሚያጠናው ደግሞ በራሪ ናት ብሎ ያልፋታል፤ በተረቱ ከግብር ያመለጠችበት ብልሃት ዛሬ ከመዝገብ እያስቀራት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሌሊቶች ከሸፉ። የድምፅ መቅረጫዎቻችንን ከጤፉ ማሳ ዳር አቁመናቸው ስለነበር ፌንጣና መሰሎቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ ሚሞሪ ካርዶቹ ከእኩለ ሌሊት በፊት ሞሉ። ነፋሱም ጋቢያችንን እየገፈፈ አላስቆም አለን። በሦስተኛው ቀን ብልሃት አገኘሁ ብዬ መሣሪያዎቹን ከ16 ኪሎኸርዝ (የድምፅ ቅጥነት መለኪያ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ድምፁ ይቀጥናል) በታች ያለውን ድምፅ ሁሉ እንዲተዉ አስተካከልኳቸው፤ አብዛኞቹ የሌሊት ወፎች የሚጮኹት የሰው ጆሮ ሊሰማው ከሚችለው 20 ኪሎኸርዝ በላይ ስለሆነ ምንም የሚቀርብኝ አልመሰለኝም ነበር። የጉዞው ትልቁ ስሕተት ይህ መሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የመሪጌታ የልጅ ልጅ፣ አሥር ዓመት የማይሞላው እረኛ፣ ከአፋፉ በታች ወዳለው ዋሻ መራን። የላይኛው ጥቁር ድንጋይ አልቆ የኖራ ድንጋዩ በሚጀምርበት እርከን ላይ ፍየሎች ብቻ የሚሄዱባት ቀጭን መንገድ አለች፤ ልጁ በባዶ እግሩ ቀድሞን እየሄደ፣ እኛ በጫማችን እየተንሸራተትን ደረስን። ከአፉ ገና ስንጠጋ የሽንት ጠረኑ ዓይን ያቃጥላል። የሌሊት ወፍ ኩስ ሳንባ የሚጎዳ ሻጋታ ሊይዝ ስለሚችል፣ በአንዳንድ ዋሻዎች የሚኖሩ ፍራፍሬ በል ዓይነቶችም የማርበርግ ቫይረስ ተሸካሚ ስለሆኑ፣ ጭምብልና ጓንት አድርገን ልጁን ውጭ አስቀረነው። ውስጥ የቆየነው ከሩብ ሰዓት አይበልጥም። በግንባር ባትሪው ቀይ ብርሃን ጣሪያውን ስመለከት፣ እንደ ደረቀ ቅጠል ጥቅልል ብለው የተሰቀሉት ትንንሾቹ ነበሩ፤ አንዷ ከራሴ በላይ ክንድ በማይሞላ ርቀት ላይ ሆና፣ አፍንጫዋ ላይ ያለው የፈረስ ኮቴ የመሰለ ቆዳ እየተርገበገበ፣ ፊቷን ወደ እኔ እያዞረች ትመረምረኝ ነበር። ከኋላ፣ ብርሃኑ በማይደርስበት ስንጥቅ ውስጥ፣ ሌላ ከበድ ያለ መንኳኳት ይሰማል። እዚያ ድረስ አልገባንም፤ በማደሪያቸው የተረበሹ እናቶች ግልገል ጥለው ሊሸሹ ይችላሉ።

አራተኛው ሌሊት ነፋሱ ጸጥ አለ። ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ ሁላችንም አፋፉ ላይ ተቀመጥን። ረዳቴ የሌሊት ወፎችን ድምፅ ለሰው ጆሮ እንዲሰማ የሚለውጠውን ማዳመጫ በጆሮዋ አድርጋ ትቆጥራለች፤ የመጀመሪያዎቹ ከዋሻው ሲወጡ የነበረው ቁጥር ከቀደሙት ሌሊቶች ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ያኔ ነው እረኛው ወደ ሰማይ ጠቁሞ «ትልልቆቹ መጡ» ያለው። ምኑን አወቅህ ብዬ ብጠይቀው፣ «ጢቅ ጢቅ ይላሉ፤ ሁለት ጠጠር እንደማጋጨት» አለ። ሃምሳ ዓመት የሞላው ጆሮዬ ምንም አልሰማም። ረዳቴ ማዳመጫዋን አውልቃ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ ቆየችና «እውነቱን ነው፤ ከላያችን እያለፈ ነው» አለች።

መሪጌታ በትሩን ተመርኩዘው ያዳምጡ ነበር። «እኔም በልጅነቴ እሰማው ነበር። ከደርግ ወዲህ ግን አገር ለቀው ሄደዋል» አሉ። ልጁ «አባባ፣ አሁን እኮ እያለፉ ነው!» ቢላቸው፣ «እንግዲያው ለአንተ ብቻ ነው የሚመጡት» ብለው ዝም አሉ።

ነገሩ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ማጣሪያውን አንሥቼ ያን ሌሊት የተቀረጸውን በኮምፒውተር ስንመለከተው፣ ከ16 ኪሎኸርዝ በታች፣ 12 ኪሎኸርዝ ላይ አካባቢ፣ ረጋ ብሎ የሚደጋገም ወፍራም መስመር ተዘርግቶ አገኘነው፤ እኔ ባለፈው ሌሊት በገዛ እጄ ያስጣልኩት እርሱን ነበር። ልጆች ይሰሙታል፤ አብዛኛው ሽማግሌ ግን ይህን ያህል የቀጠነ ድምፅ የሚሰማበት ጆሮ አይቀርለትም። በአገራችን ከሚታወቁት 80 ያህል የሌሊት ወፍ ዝርያዎች መካከል እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ ከሚጮኹት አንዱ፣ ረጃጅም ጆሮዎቹ ግንባሩ ላይ ተገጣጥመው ወደ ፊት የተዘረጉት ኦቶሞፕስ ሃሪሶኒ ነው። ራሱን የቻለ ዝርያ ተብሎ የተሰየመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2015 ሲሆን፣ በኢትዮጵያ፣ በኬንያ፣ በጅቡቲና በየመን ይገኛል፤ በኬንያ የሱስዋ ተራራ ዋሻዎች የነበረው ታላቅ መንጋ በእጅጉ በመመናመኑ ለጥፋት ከተጋለጡት ተመድቧል። የሰማነው እርሱ ነው ብዬ ግን አልፈረምኩም፤ በመረብ ይዞ ሳይለኩ በድምፅ ብቻ ስም መስጠት አይገባም። እንዲህ ዓይነቶቹ ጠባብና ረጅም ክንፍ ያላቸው ፈጣን በራሪዎች ከዛፍ በላይ ከፍ ብለው፣ ማለትም የተርባይን ክንፍ በሚዞርበት ከፍታ፣ እንደሚያድኑ ግን የታወቀ ነው። የእኛ መቅረጫዎች ደግሞ የቆሙት ከመሬት ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ነበር። ነፋስ የሚለካው ረጅም ምሰሶ ሃምሳ እርምጃ ከእኛ ርቆ ቆሞ ሳለ፣ ማይክሮፎን እላዩ ላይ ለመስቀል የጠየቅነው ፈቃድ ጉዞው እስኪያልቅ አልደረሰንም።

በሪፖርቴ ላይ አጥብቄ የጻፍኩት ስለዚህ ምሰሶና ስለ ጸጥተኛ ሌሊቶች ነው። የሌሊት ወፎች በብዛት የሚበሩት፣ የሚሞቱትም፣ ነፋሱ ሲለዝብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ተርባይኑ የሚያመነጨው ኃይልም ጥቂት ነው። በአሜሪካ ፔንስልቬንያ በአንድ የነፋስ ጣቢያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 እና በ2009 በተደረገ ሙከራ፣ ክንፎቹ በለዘብተኛ ነፋስ እንዳይዞሩ ሲደረግ ሞቱ ከ44 እስከ 93 በመቶ ሲቀንስ፣ በዓመት የታጣው ኃይል ከአንድ በመቶ አልበለጠም። ስለዚህ ተርባይኖቹ ከአፋፉ ወደ ሜዳው እንዲገቡ፣ ጥናቱም ዓመቱን ሙሉ እንዲቀጥል ጠየቅሁ። አምስት ሌሊት ስለ ጥቅምት እንጂ ስለ ግንቦት የሚነግረን ነገር የለም።

በመጨረሻው ማታ መሪጌታን ወደ ኮምፒውተሩ ጠርቼ፣ የተቀረጸውን ፍጥነቱን በግማሽ ቀንሼ አሰማኋቸው። ፍጥነቱ በግማሽ ሲቀንስ ድምፁም በዚያው ልክ ይወፍራል። ዓይናቸውን ጨፍነው አዳመጡ፤ እንደገና ክፈተው አሉኝ፤ ሦስተኛ ጊዜ ካሰማኋቸው በኋላ «እነሱ ናቸው፤ እንደኔው ዘገዩ እንጂ» አሉ።

አንዱን መቅረጫ እዚያው ትተንላቸው መጣን። ባትሪውን በየቅዳሜው የሚቀይረው እረኛው ነው፤ ስንሰናበት የጠየቀኝም ያለቁትን ባትሪዎች ለራሱ ማስቀረት ይችል እንደሆነ ነበር።