ስለጠየቅኸኝ

እሑድ ማታ ነው። ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ሄል ኦር ሃይ ዎተር» የተሰኘውን፣ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣውንና ሁለት ወንድማማቾች የምዕራብ ቴክሳስን ትንንሽ ባንኮች ሲዘርፉ የሚያሳየውን ፊልም ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት። ታሪኩ የሚጀምርባት አርቸር ሲቲ እኔ ከምኖርበት ከዳላስ በመኪና ከሁለት ሰዓት ትንሽ በላይ የምታስኬድ ከተማ ናት፤ ፊልሙ ግን በአብዛኛው የተቀረጸው በምሥራቅ ኒው ሜክሲኮ ነው። ቀደም ሲል ሁለት ጊዜ ያየሁት እንደ ዝርፊያ ታሪክ ነበር። ዛሬ ማታ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የዕዳ ታሪክ ሆኖ ታየኝ።

ታናሹ ቶቢ ነው፤ ክሪስ ፓይን ይጫወተዋል። ታላቁ ታነር ሲሆን ተዋናዩ ቤን ፎስተር ነው። እናታቸው ከመሞቷ በፊት የእርሻ ቦታዋን አስይዛ ተበድራ ነበር። ብድሩ በአሜሪካ ዕድሜያቸው ለገፋ ባለንብረቶች የሚሰጥ ዓይነት ነው፦ ባንኩ ለባለቤቱ ገንዘብ ይሰጣል፤ ባለቤቱ በሕይወት እስካለና እዚያው እስከኖረ ድረስ ዋናውን ክፈል አይባልም፤ ወለዱ ግን በዕዳው ላይ እየተደመረ ይከርምና ባለቤቱ ሲሞት ወራሾቹ ወይ ይከፍላሉ ወይ ቦታውን ይለቃሉ። በእኛ አገር በነበረው ወለድ አገድ አበዳሪው መሬቱን ይዞ ምርቱን ስለሚበላ፣ ተበዳሪው ያጣውን ነገር በየዕለቱ በዓይኑ ያየው ነበር። ይህኛው ዕዳ ግን እስከ ቀብር ድረስ ድምፅ አያሰማም። ከመሬቱ ሥር ነዳጅ ተገኝቷል፤ ቶቢ ዕዳውን በቀነ ገደቡ ካልከፈለ ግን አጽመ ርስቱም ነዳጁም የባንኩ ይሆናሉ።

ስለዚህ የዚያኑ ባንክ ቅርንጫፎች ይዘርፋሉ፤ የባንኩንም ዕዳ በባንኩ ገንዘብ ይከፍላሉ። በጥቅል የታሰረ ገንዘብ ውስጥ ቀለም የሚረጭ ወጥመድ ሊኖር ስለሚችል፣ ጥቅሉን ትተው ከመሳቢያ ያልታሰረውን ብቻ ይወስዳሉ። የተጠቀሙበትን መኪና ከእርሻው ላይ ጉድጓድ ቆፍረው ይቀብሩታል። ብሩን ኦክላሆማ በሚገኝ የቀደምት ሕዝቦች ቁማር ቤት ወደ መጫወቻ ጠጠር ይለውጡና፣ ጠጠሩን መልሰው በባንኩ ስም በተጻፈ ቼክ ያወጡታል። ይህን ሁሉ ያሰበው ከዚያ በፊት ወንጀል ሠርቶ የማያውቀው ቶቢ ነው። ድህነት ከወላጅ ወደ ልጅ እንደሚተላለፍ በሽታ ነው ብሎ ያምናል፤ በልጆቹ ላይ እንዳይደርስም ቆርጧል። በእኔ ግምት የፊልሙ ጸሐፊ ቴይለር ሸሪዳን ከሠራቸው ሁሉ ይህን የሚያህል በጥንቃቄ የተሰፋ ነገር የለም።

ታነርስ? ታነር ዐሥር ዓመት ታስሮ ከወጣ ገና አንድ ዓመቱ ነው። እናቱ በኑዛዜዋ ምንም አልተወችለትም። ሕይወቱን የሚሰጥለት መሬት የእርሱ አይደለም፣ አይሆንምም። ቶቢ አንድ ጊዜ ይጠይቀዋል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ ሠርቶ ያመለጠ ሰው እንደሌለ እያወቅህ ለምን እሺ አልከኝ ይለዋል። የታነር መልስ አጭር ነው፦ ስለጠየቅኸኝ።

እዚህ ላይ ፊልሙን አቆምሁት።

እኔም ወንድም አለኝ። በስድስት ዓመት ይበልጠኛል፤ እስከ ዛሬ ድረስ «ወንድም ጋሼ» እንጂ በስሙ ጠርቼው አላውቅም። አባታችን ሲሞት ከዐሥራ አንደኛ ክፍል ወጥቶ የሚኒባስ ረዳት ሆነ፤ እኔ ትምህርቴን ቀጠልሁ። ወደዚህ አገር የመምጣት ዕድል ሲያጋጥመኝ ለጉዞው ገንዘብ አልነበረንም፤ የእናታችንን ቤት ካርታ አስይዞ ከአራጣ አበዳሪ ተበደረ። እንዲበደር የለመንሁት እኔ ነኝ። በዚያን ጊዜ ሚስቱ እርጉዝ እንደነበረች አውቅ ነበር፤ አውቄም ለመንሁት። ዋናውን በኋላ እኔ ላክሁለት። በመካከል ባሉት ወራት ወለዱን ከየት አምጥቶ ሲከፍል እንደቆየ ግን አልጠየቅሁትም፤ እርሱም አልነገረኝም። ላለመጠየቄ ሥራ መብዛቱን፣ ርቀቱን፣ የስልክ መቆራረጥን ምክንያት አደርግ ነበር። እውነቱ መልሱን መፍራቴ ነው።

ፊልሙን ስቀጥል የወንድማማቾቹ የስንብት ትዕይንት መጣ። ከመጨረሻው ዝርፊያ በኋላ መንገድ ዳር ቆመው ይለያያሉ፤ እንደሚዋደዱ ይነጋገራሉ፤ ታነር ወዲያው ነገሩን በስድብ ይሸፍነዋል። ከዚያ አሳዳጆቹን ወደ ራሱ ስቦ ኮረብታ ላይ ይሞታል፤ ቶቢም ብሩን ይዞ በሌላ መንገድ ያልፋል።

ሆኖም ፊልሙ ለወንድማማቾቹ ብቻ እንዳዝን አይተወኝም፤ በዚህም አከብረዋለሁ። የሚከታተሏቸው ሁለት የቴክሳስ ሬንጀሮች፣ ማለትም የግዛቲቱ መርማሪ ፖሊሶች፣ ናቸው፦ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበው ማርከስ፣ ማለትም ጄፍ ብሪጅስ፣ እና ከአሜሪካ ቀደምት ሕዝቦች አንዱ ከሆኑት ከኮማንቺዎች በግማሽ የሚወለደው አልቤርቶ፣ ማለትም ጊል በርሚንግሃም። አልቤርቶ ከባንክ ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ ይህ ምድር የአያቶቹ እንደነበረ፣ የአሁኖቹ ነዋሪዎች አያቶች እንደወሰዱት፣ አሁን ደግሞ ከእነርሱ ልጆች ባንኩ እየወሰደው እንደሆነ ይናገራል። የፊልሙ የመጀመሪያ ርእስ «ኮማንቸሪያ» ነበር፤ የኮማንቺዎች አገር ማለት ነው። ያን የተናገረውን ሰው ታነር ከኮረብታው ላይ በጥይት ይገድለዋል። የቶቢ ልጆች ከበሽታው ሲድኑ የአልቤርቶ ቤት ምን ሆነ? ቶቢ ወንድሙን ሲጠይቅ ይህንንም ጭምር ጠይቋል፤ ሳያውቀው።

በመጨረሻው ትዕይንት ነዳጁ ይወጣል፤ ጉድጓዶቹ በአንድ ወር ብቻ የሚያስገቡት ገንዘብ ከተዘረፈው ሁሉ ይበልጣል። ቶቢ መሬቱን በአደራ ለልጆቹ አስተላልፏል፤ አደራውንም የሚያስተዳድረው ያው የተዘረፈው ባንክ ነው፤ ባንኩም ይህን ደንበኛ ላለማጣት ምርመራውን ለመርዳት ፈቃደኛ አይደለም። ጡረታ የወጣው ማርከስ መጥቶ በረንዳው ላይ ከቶቢ ጋር ይፋጠጣል። ቶቢ እዚያ ቤት አይኖርም። አጥር ሊጠግን፣ ጣሪያ ሊያድስ ይመጣል እንጂ ቤቱ የልጆቹና የእናታቸው ነው። ወንድሙ የሞተለትን ቤት እንደ ሠራተኛ ይጠብቀዋል።

አሁን ከምሽቱ አምስት ሰዓት ሆኗል፤ እዚያ ጠዋት ሁለት ሰዓት ነው። ወንድም ጋሼ መኪናውን አሙቆ ወጥቶ ይሆናል። ከሥራ ሲመለስ እንዳገኘው ነገ ማለዳ እደውልለታለሁ፤ ስለ ወለዱም እጠይቀዋለሁ፦ በወር ስንት እንደነበረ፣ ስንት ወር እንደከፈለ፣ ልጁ የተወለደ ጊዜ እቤት ምን እንደነበረ።